ባለቤት ያጣ ግሥ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልዩ ትምህርት እንደሚሰጥ ተናግሮ ነበር። አሳቡን እናመሰግናለን፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን እንነቅፋለን፤ ሰጪው ማን እንደ ሆነ አይናገርምና። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ለግሡ ባለቤት ሰጠው፤ ለተማሪው የሚያስፈልገውን ማመቻቸት የመንግሥት ግዴታ ነው አለ።

ነገር ግን ከሻሸመኔው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል ተምሮ፣ በዚያው ከተማ ወይም በአዳማ መደበኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ዝም ብሎ ሲጽፍ ምን ያነባል? ጓደኛው በሹክሹክታ ካላነበበለት በቀር ምንም። እንግዲህ የዚያ ግሥ ባለቤት ያ ታናሽ ጓደኛ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። አዋጅ የሚመዘነው በክፍል ውስጥ መሆኑን ሹማምንትና መምህራን ልብ ይሉ ዘንድ እንለምናለን።