ስለ ሴቶች ብስክሌትና ስለ ልብሳቸው፤ ከማክሰኝት ገበያ የተነሣ ትችት

በአገራችን ሴቶች ብስክሌት የማይነዱት ለምንድን ነው ተብሎ በተጠየቀ ቍጥር፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «ባህላችን አይፈቅድም» የሚል ነው። በዚህ መልስ ላይ የተማረውም ያልተማረውም፣ ነገሩን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ይስማማል። ደጋፊው «እንግዲያውስ ባህሉ ይለወጥ» ይላል፤ ተቃዋሚው «ባህሉ ይጠበቅ» ይላል። ሁለቱም ግን ጐንበስ ብለው ብስክሌቱን አላዩትም። የዚህ ጽሑፍ ትችት የሚያነጣጥረው በዚህ ላይ ነው። ባህል ምንም አይከለክልም አንልም፤ ነገር ግን ከባህሉ ቀድሞ የሚከለክለው ብረቱና ጨርቁ መሆኑን ስላየን፣ ያየነውን እንጽፋለን።

ማክሰኝት ከጐንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለች የጐንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ማክሰኞን ያስጠራል። ለጥናት ልምምድ ወደዚያ በሄድንበት ጊዜ በአንድ የገበያ ቀን ከመንገዱ ዳር ቆመን ስንመለከት፣ ከሚገባው ሰው የሚበዛው በእግሩ፣ ቀሪው በባጃጅ፣ አንዳንዱም በቅሎና አህያ እየነዳ ነበር። ብስክሌት የሚነዱ ጐረምሶች አየን፤ ሴት ግን አላየንም። ይኸን ለአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ስንነግረው ሣቀና፣ ጐማ ልታስጠግን ከወንድሟ ጋራ የመጣችውን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በአገጩ አመለከተን። «ብስክሌቱ የሷ ነበር» አለ።

ታሪኩ አጭር ነው። ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤት በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። አባቷ ጤፍ ሸጠው ያገለገለ ብስክሌት ገዙላት። በሦስተኛው ቀን ከነደብተሯ ወደቀችና ክንዷ ተላጠ። የሠፈሩ ሰው «ብለን ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱን የሚነዳው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እርሷ በእግሯ ትሄዳለች፤ ከክፍል የምትደርሰውም ከእርሱ በኋላ ነው። እኛም፣ የተለመደውን መልስ በአእምሯችን ይዘን ስለ ነበር፣ «የተውሽው ሰው እየሣቀብሽ ነው?» ብለን ጠየቅናት።

«ኧረ ሰው ምን ያደርገኛል» አለች። «እግሬ መሬት አይደርስም እኮ።»

ይህን ቃል ከሰማን በኋላ ጥያቄያችንን አጠፍነው። ከጠጋኙ ጐን የእግር መኪናቸውን ዘርግተው ከሚሰፉ አንድ ሽማግሌ የልብስ ሜትር ተዋስንና ብስክሌቱን ለካነው። ጐማው ባለ 28 ኢንች፣ አካሉ ባለ 22 ኢንች የሆነ፣ በቻይናና በሕንድ ሲሠራ የኖረው የተለመደው ከባድ ብስክሌት ነው። ከኮርቻው ሥር እስከ መሪው የተዘረጋው አግዳሚ ብረት ከመሬት 82 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የልጅቱ ቁመት 157 ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያ ሴቶች አማካይ ቁመት ብዙም የራቀ አይደለም። የውስጥ እግሯ ርዝመት 72 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እንግዲህ ብስክሌቱን አቁማ በሁለት እግሯ መሬት ልትረግጥ ብትፈልግ፣ አግዳሚው ብረት በአሥር ሴንቲ ሜትር ይበልጣታል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ኮርቻው እስከ መጨረሻው ዝቅ ቢል እንኳ፣ ከኮርቻው ጫፍ እስከ ታችኛው ፔዳል ያለው ርቀት 77 ሴንቲ ሜትር ነው። እግሯ ፔዳሉን ተከትሎ እስከ ታች መድረስ ስለማይችል፣ በየዙሩ ዳሌዋን አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ መጣል አለባት። ይህ ሚዛኗን ይነሣታል፤ ሰውነቷንም በኮርቻው ላይ እንደ ወፍጮ ይፈትገዋል። ወንድሟ ገና የ14 ዓመት ልጅ ቢሆንም በቁመቱ ይበልጣታል። ልዩነቱ የድፍረት ሳይሆን የስፍር ነው።

«ታዲያ የሴት ብስክሌት የሚባል አለ አይደለም ወይ?» ይባል ይሆናል። በእርግጥ አለ። የዛሬው ባለ ሁለት እኩል ጐማ ብስክሌት በእንግሊዝ አገር በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ እንደ ተሠራ፣ ወዲያው ጥቂት ዓመት ቈይቶ አግዳሚው ብረት ወደ ታች የተጐበጠለት ለሴት የሚሆን ዐይነት ተከተለው። ብረቱ የተጐበጠው ለቀሚሱ ሲባል ነው። ይህ መልካም አሳብ ነበር፤ ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ለብዙ ዘመን ከዚያ አላለፉም። ሴትን የሚያዩዋት ቀሚስ እንደ ለበሰች ወንድ አድርገው ነው፤ ቁመቷን፣ ትከሻዋን፣ የእጇን ስፋት አልጠየቁም። ጆርጂና ቴሪ የተባለች አሜሪካዊት መሐንዲስ፣ ለአጫጭር ሴቶች የፊት ጐማው ከኋላው ያነሰ ብስክሌት እየሠራች መሸጥ የጀመረችው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በመካከሉ አንድ መቶ ዓመት ያኽል አልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም ያለበት ይመስለናል። «ለሴት የተለየ ብስክሌት ያስፈልጋል» የሚለው አሳብ ራሱ እስከ መጨረሻው አያስኬድም። ስፔሻላይዝድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ2011 ዓ.ም. ገደማ፣ የብዙ ነጂዎችን የሰውነት ልክ ከመረመረ በኋላ፣ በሁለት ወንዶች መካከል የሚገኘው ልዩነት በወንድና በሴት መካከል ከሚገኘው ሊበልጥ እንደሚችል ገልጾ፣ ለሴት ብቻ ተብሎ የሚሠራውን አካል ትቶ ለሁሉም በልዩ ልዩ ልክ መሥራትን መረጠ። ይህ ለእኛ አገር የበለጠ ይሠራል። በማክሰኝት ገበያ እንደዚያች ልጅ እግሩ መሬት የማይደርስ ብዙ ወንድ አለ፤ እርሱም እያነከሰ ይነዳል፤ ሲወድቅ ግን «ወንድ ልጅና ብስክሌት!» የሚለው የለም። ስለዚህ የሚያስፈልገው የሴት ብስክሌት ሳይሆን ትንሽ ብስክሌት ነው፤ ባለ 26 ጐማና ባለ 18 ኢንች አካል ቢሆን አግዳሚው ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ኮርቻው ግን ለብቻው መታየት አለበት። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች በሴት ላይ በአማካይ ራቅ ራቅ ያሉ ስለ ሆኑ፣ ለወንድ የተበጀው ጠባብ ኮርቻ አጥንቱን ትቶ ሥጋውን ይሸከማል። ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህን ደግሞ ልጅቱ ለእናቷም ቢሆን ለመናገር ታፍራለች።

ወደ ጐንደር በተመለስን ጊዜ ትንሽ ብስክሌት ፍለጋ ጥቂት ሱቆችን ዞረን ነበር። ያገኘነው ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው፣ ጐረምሶች የሚወዱት የተራራ ብስክሌት የሚሉት ነው፤ አግዳሚው ተዳፋት ስለ ሆነ ለእግር ይመጥናል፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ ገላጣ ነው፣ ጭቃ መከላከያም የለው። ሁለተኛው ሐምራዊ ቀለም የተቀባ፣ ከፊቱ የላስቲክ ቅርጫት ያለው፣ ለልጆች የተሠራ ነው፤ ሻጩ ግን «የሴት ነው» ብሎ አቀረበልን። ለእግር የሚመጥነው ቀሚስ ይበላል፤ ቀሚስ የማይበላው ለዐሥር ዓመት ልጅ የተሠራ ነው። (ስለ ቀለሙ ሻጩን መከራከር አልወደድንም።)

ይህም ወደ ልብሱ ያደርሰናል። ጉርድ ቀሚስ ለብሶ ገላጣ ሰንሰለት ያለው ብስክሌት መንዳት አደጋ ነው፤ ነጠላውም ከኋላ ጐማ ሽቦዎች ይጠመጠማል። በሆላንድ አገር ብስክሌት ሰንሰለቱ በሙሉ በሽፋን የተዘጋ፣ በኋላ ጐማውም ግራና ቀኝ ልብስ እንዳይገባ መከለያ የተደረገለት ሆኖ ስለሚሠራ፣ ሴቶቹ በዕለት ልብሳቸው ይነዳሉ። እዚህ ግን መከለያው ቢኖር እንኳ ለመጠገን አስቸገረን ተብሎ ይፈታና ይጣላል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሱሪ ነው። ስለ ሱሪ በተነሣ ቍጥር ደግሞ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቍጥር 5 ይጠቀሳል። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ቃል በቃል አጥንተነዋል፤ ብዙም ተከራክረንበታል። ቃሉ ሴት የወንድን ልብስ እንዳትለብስ ይከለክላል እንጂ፣ እግር ተለይቶ የሚገባበት ልብስ ሁሉ የወንድ ነው አይልም። ይህን የጨመረው ተርጓሚው ነው፤ ተርጓሚውም የገዛ አገሩን ታሪክ የዘነጋ ይመስለናል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የመጡ የአውሮፓ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ የባላባት ሚስቶችና ልጆች በበቅሎ ሲሄዱ እንደ ወንዶቹ እግራቸውን ግራና ቀኝ አድርገው ይቀመጡ ነበር፤ ከቀሚሳቸውም ሥር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበብ ያለና በሐር የተጠለፈ ሱሪ ይለብሱ ነበር። በዚያን ዘመን የአውሮፓ እመቤት ፈረስ የምትቀመጠው ሁለቱን እግሯን በአንድ ወገን አድርጋ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ለዐድዋ ጦርነት ከአዲስ አበባ ተነሥተው የዘመቱት በበቅሎ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ከሆነ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ በአቴና በተደረገው በመጀመሪያው የዘመናዊ ኦሊምፒክ፣ ከአቴና ማራቶን ደርሶ መልስ 87 ኪሎ ሜትር የብስክሌት ውድድር ነበር፤ ሴት አልገባችበትም። የሴቶች የጐዳና ብስክሌት ውድድር በኦሊምፒክ የተጀመረው ከዚያ 88 ዓመት ቈይቶ፣ በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው። ስለዚህ ሴት በኮርቻ ላይ እግሯን ከፍታ መቀመጧ ነውር የነበረው በማን ዘንድ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያመዛዝን። ቋንቋችን እንኳ የበቅሎውንና የብስክሌቱን መቀመጫ በአንድ ስም «ኮርቻ» ብሎ ጠርቷል።

የበቅሎዋ ባለቤት ባለጠጋ እመቤት ነበረች፣ ሠራተኛም ይዞላት ይሄድ ነበር፣ የማክሰኝት ተማሪ ግን የገበሬ ልጅ ናት የሚል ተቃውሞ ቢነሣ እንቀበላለን። ይሁን እንጂ ይህ ተቃውሞ ስለ ሀብት ነው እንጂ ስለ ነውር አይደለም፤ እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው።

ስለ ውድድር ልብስ ብዙ አንናገርም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ስትሄድ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ደግሞ ኢትዮጵያዊቷ እየሩ ገብሩ በስደተኞች ቡድን ሥር በሴቶች የጐዳና ውድድር ተሰልፋለች። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጐዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተደርጓል። ከሰውነት የሚጣበቀውና ከሥሩ ስፖንጅ ያለው የተወዳዳሪ ቁምጣ ለብዙ ሰዓት ለሚነዳ ሰው ተገቢ ነው። ለሴቶች ብስክሌት የሚከራከሩ ሰዎች ግን በየሥዕሉ ይህን ልብስ ብቻ ሲያሳዩ፣ ጉዳዩን ከገበያተኛዋና ከተማሪዋ እያራቁት ነው። እናት ሥዕሉን አይታ «ልጄ እንዲህ ልትሆን ነው?» ትላለች፤ ክርክሩም እዚያው ያልቃል።

ባሕር ዳር ከማክሰኝት ይልቅ ለብስክሌት የታደለች ናት። ሜዳ ናት፤ «የብስክሌት ከተማ» ስትባልም ኖራለች። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። ይህ ሁሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በየስብሰባው የምንሰማው የመንገዱ ርዝመትና ስፋት ስንት ሜትር እንደ ሆነ ነው፤ የአግዳሚው ብረት ከፍታ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ሆነ የሚጠይቅ አላጋጠመንም። እግሯ መሬት ለማይደርስ ልጅ መንገዱ ሰፋ ማለት የምትወድቅበት ቦታ ሰፋ ማለት ነው።

ለማክሰኝቱ ሰፊ ሜትራቸውን ስንመልስ ያሰብነውን ነገርናቸው፤ ከላይ ሲታይ ጉርድ ቀሚስ የሚመስል፣ ከሥር ግን እንደ ሱሪ ለሁለት የተከፈለና ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚጠብ ልብስ ይሰፋ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ልጅቱን አዩ።

«ጨርቁ ምንድን ነው ልጆቼ?»

«አቡጀዲ ብናደርገውስ አባባ?»

«አቡጀዲ በሳምንቱ መቀመጫው ላይ ይተረተራል። ካኪ ይሁን፤ መቀመጫውም ድርብ ይሁን። ስፌቱንም ከመሐል አላደርገውም፤ ይፈትጋታል፤ ወደ ጐን እወስደዋለሁ።»

ስፌቱ ከመሐል እንዳይሆን ማሰብ፣ በውጭ አገር የብስክሌት ልብስ የሚሠሩ ሰዎችም የሚጠነቀቁበት ነገር ነው፤ ሽማግሌው በብስክሌት ላይ ተቀምጠው ባያውቁም በአንድ ዐይን እይታ ደረሱበት። የመጀመሪያው ልብስ ቁርጭምጭሚቱ በጣም ጠቦ እግሯ አልገባ አለ፤ ተፈትቶ ሁለት ሁለት ቍልፍ ገባበት። አሁን ልጅቱ ለብሳው ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ልብሱን ነውር ነው ያላት ሰውም እንደሌለ ነግራናለች። የምትሄደው ግን በእግሯ ነው። ባለ 18 ኢንች አካል፣ ሰንሰለቱ የተሸፈነ ብስክሌት ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ በማክሰኝትም በጐንደርም ፈልገን አላገኘንላትም።