ስለ ታላላቅ ኮኦርዲኔቶች አያያዝ
አዲስ አበባ በዩቲኤም 37ኛ ዞን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 997,000 ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ይህን ቁጥር የያዘ ንድፍ በአውቶካድ ሲከፈት ክቡ ተሰባብሮ ቢታይ ጥፋቱ የቀያሹ አይደለም። ፋይሉ ልኩን በ64 ቢት ይይዛል፤ በስክሪን ለማሳየት ወደ 32 ቢት ሲወርድ ግን በዚህ ርቀት ላይ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች በ6.25 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ የግድግዳ ልስን እንኳ ይህን ያህል አይወፍርም!

እኛ የምንነቅፈው መድኃኒቱን ነው። ጓደኞቻችን ንድፉን በግምት ጎትተው ወደ ዜሮ ያመጡታል። ሥዕሉ ያምራል፤ የተጎተተበት ልክ ስላልተጻፈ ግን ቤቱ ከመንገዱ ጋር ዳግመኛ አይገጥምም። ከምሥራቁ 470,000፣ ከሰሜኑ 990,000 ድፍኑን ቀንሶ ያንኑ በንድፉ ርእስ ሣጥን መጻፍ ምን ይከብዳል? ዩሲኤስን ማዛወር ይበቃል የሚሉም አሉ፤ እርሱ ግን የምናነበውን ቁጥር እንጂ በፋይሉ የተቀመጠውን አይለውጥም።