«ሰው አልባ አውሮፕላን»፦ በአንድ ስያሜ ላይ የቀረበ ትችት

አዲስ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ ወይ ስሙን ይዞ ይገባል፣ ወይ ቃል አመንጪዎች ስም ያወጡለታል። ድሮን ሁለቱም ደርሶታል፤ በንግግር በተውሶ ስሙ ይጠራል፤ በዜናና በመግለጫ ደግሞ «ሰው አልባ አውሮፕላን» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ሁለተኛውን ስያሜ ነው፤ አገር በቀል ስለ መሰለ ብቻ ትክክል ነው ብለን ልናልፈው አይገባንምና።

ስያሜውን በእጅ በሚገጣጠመው ትንሽ ድሮን እንፈትነው። መሣሪያው ከካርቦን አካል፣ ከአራት ሞተሮችና ፕሮፔለሮች፣ ከባትሪ፣ ከካሜራና ሞተሮቹን ከሚያዝ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይሠራል። በሰያፍ የሚተያዩት ሁለት ሞተሮች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የቀሩት ወደ ተቃራኒው ይዞራሉ፤ እንዲህ ባይሆን አካሉ በራሱ ዙሪያ ይሾር ነበር። ካሜራው የሚያየውን ብዙውን ጊዜ በ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይልካል፤ አብራሪውም መሬት ላይ ሆኖ ዐይኑን በሸፈነው መነጽር ይመለከተዋል። በትርኢት በረራ ጊዜ መሣሪያው ራሱን በራሱ አያቀናም፤ መገልበጡም መጠምዘዙም የአብራሪው ጣት ሥራ ነው። ታዲያ ይህን «ሰው አልባ» ማለት እንዴት ይቻላል? ሰውየው ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ከግእዝ የወረስነው «አልባ» ፈጽሞ አለመኖርን ያመለክታል። «ሰው አልባ ቤት» ኗሪ የሌለበት፣ «ሰው አልባ መንደር» ጠፍ የሆነ ነው። ስያሜው የእንግሊዝኛው ቀጥተኛ ትርጉም ይመስላል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መምሪያ፣ ከርቀት በአብራሪ ለሚመሩት ይህንኑ የሚገልጽ የተለየ መጠሪያ ተጠቅሟል።

ነገሩ የቃላት ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በድሮን ደረሰ በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። እንዲህ ያለው ነገር «ሰው አልባ አውሮፕላን ጥቃት አደረሰ» ተብሎ ሲጻፍ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት መሣሪያው ይሆናል፤ ያዘዘውም ያበረረውም ከንግግሩ ይወጣሉ። ስያሜው ራሱ «ሰው የለበትም» ብሏልና አንባቢም «ማን?» ብሎ አይጠይቅም።

ድሮን በእንግሊዝኛ ወንዱ ንብ ስለ ሆነ «ድንጉላ» እንበለው የሚል ቢኖርም አንስማማም። በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ቀፎ የሰቀለ ገበሬ ድንጉላ እንደማይናደፍ ያውቃል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1935 ለተኩስ ልምምድ በሬዲዮ ያበረሩትን አውሮፕላን «ንግሥት ንብ» ብለውት ነበር፤ ድሮን የሚለው ስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ይህ የእነርሱ የስያሜ ታሪክ ነው፤ ለእኛ አንባቢ ግን የሚያስረዳው ነገር የለም።

ስለዚህ «ድሮን» በተውሶነቱ ይጽና እንላለን፤ ድሮኑ፣ ድሮኖች፣ ባለድሮን እየተባለ የአማርኛን ርባታ ተቀብሏል። በመነጽር የሚበረውን «የአብራሪ ዕይታ ድሮን» ብንለው ጽንሰ ሐሳቡን ይይዛል። ተርጓሚዎች ከስሙ ይልቅ ለግሡ እንዲጠነቀቁ እናሳስባለን። «በረረ» ባለቤቱን መሣሪያውን ያደርጋል፤ «አበረረ» ግን የሚያበር ሰው ይጠይቃል። አማርኛ ይህን ልዩነት በአንዲት «አ» ይገልጸዋል፤ ልንሠራበት ይገባል።