ቆሞ የማይጠብቅ መምህር፦ የፕላዝማ ትምህርትና የነገው ክፍል

ስለ ትምህርት የወደፊት ዕጣ በተነገረና በተጻፈ ቁጥር በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው መሣሪያ ወደ ክፍል ይግባ?» የሚል ሆኖ ቆይቷል። በየዘመኑ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የዚህ ጥያቄ መልስ ተደርገው ቀርበዋል። ይህ ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፤ ይኸውም መሣሪያው ከገባ በኋላ የትምህርቱን ፍጥነት የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በገዛ አገራችን በስፋትና በከፍተኛ ወጪ የተሠራ ሥራ አለ፤ እርሱም በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና በተለምዶ «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ነው። ስለ እርሱ በየመምህራን ማረፊያው ብዙ ቀልድ ተቀልዷል። ሥራው ግን ከቀልድ ይልቅ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ስለ ዲጂታል ትምህርት የምንሰማው ተስፋ አብዛኛው በዚያን ጊዜ በሌላ ቃል የተነገረን ነውና።

አስቀድሞ ፍትሕ ሊጓደል አይገባም። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች የተነሡበት ችግር እውነተኛ ችግር ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የተማሪው ቁጥር በፍጥነት አደገ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበራከቱ፤ ለእነዚህ ሁሉ የሚበቃ፣ በሚያስተምረው ትምህርት በቂ ዝግጅት ያለው መምህር ግን አልነበረም። ከዋና ከተማ ርቆ የሚገኝ ትምህርት ቤት ያለ ፊዚክስ መምህር ወይም ያለ ቤተ ሙከራ ዓመቱን ሲገፋ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። አንድ ጥሩ ትምህርት በአንድ ሰዓት ለጋምቤላውም ለጎንደሩም ለአዲስ አበባውም ተማሪ እኩል ይድረስ የሚለው ሐሳብ በዚህ ሁኔታ ውስጥ የተወለደ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ የሚያቃልል ሰው የገጠሩን ትምህርት ቤት የማያውቅ ብቻ ነው።

የሥርጭቱ ይዘትም በአንድ በኩል የሚመሰገን ነበር። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂ፣ በእንግሊዝኛና በመሳሰሉት የተዘጋጀው ፕሮግራም ተማሪው በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን አሳይቷል። ብልቃጥ በሌለበት ክፍል የኬሚካል ለውጥ ታየ፤ በጠመኔ ሊሣል የማይችል የሕዋስ ክፍፍል በእንቅስቃሴ ቀረበ። ሥዕሉ ከመምህሩ አቅም በላይ የሆነውን ነገር በሠራበት ቦታ ሁሉ ፕላዝማው ዋጋውን ከፍሏል ማለት ይቻላል።

ችግሩ የሚጀምረው ሥዕሉ መምህር ለመሆን በተነሣበት ጊዜ ነው። የአንዱን ፕሮግራም አሠራር እንመልከት። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ገደማ ሲሆን አብዛኛውን የሚወስደው ሥርጭቱ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የሚቀረው በመግቢያና በመደምደሚያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አቅራቢው ያስረዳል፤ ከዚያም ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪዎቹ እንዲሠሩ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ መልሱን ራሱ ይናገርና ወደሚቀጥለው ያልፋል። በቅርጹ ሲታይ አሳታፊ ትምህርት ነው፤ ጥያቄ አለ፣ የሥራ ጊዜ አለ፣ መልስ አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተማሪው መልስ በሚቀጥለው ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ስድሳ ተማሪዎች ሁሉ ቢሳሳቱም፣ ሁሉ በትክክል ቢመልሱም፣ ወይም በመብራት መጥፋት ምክንያት በክፍሉ ውስጥ ሥዕል የሚባል ነገር ባይኖርም እንኳ አቅራቢው በተወሰነው ደቂቃ «ትክክለኛው መልስ ይህ ነው» ይላል። ሥርጭቱ በአንድ ጊዜ ለመላው አገር የሚተላለፍ በመሆኑ ለአንዱ ክፍል ሲባል ሊቆም አይችልም። ያመለጠው ትምህርት አመለጠ፤ ነገ የሚመጣው የነገው ነው። መምህሩ ያመለጠውን ልተካ ቢል የነገውን ክፍለ ጊዜ ደግሞ የሚወስድበት ሥርጭቱ ነው።

ለዚህ ጸሐፊ የጠቅላላው ነገር ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። የማስተማር ሥራ መናገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ፕላዝማው ከብዙዎቻችን የተሻለ ተናጋሪ ነበር። ማስተማር ግን በተናገሩት ቃልና በሰሚው ፊት መካከል የሚደረግ ያልተቋረጠ መመላለስ ነው። ልምድ ያለው መምህር ከኋላ ረድፍ ያሉትን ዐይኖች አይቶ ያስቀመጠውን ጠመኔ መልሶ ያነሣል። ይህን ማድረግ የማይችል ትምህርት፣ ሥዕሉ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ከመጽሐፍም ያንሳል፤ መጽሐፍ ቢያንስ ገጹ ተመልሶ ይገለጣልና።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ተጨመረ። ሥርጭቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው ተማሪ ግን እስከ ስድስተኛ፣ በአንዳንድ ክልሎችም እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የመጣ ነው። ቀድሞ ይህን ገደል የሚሻገርበት ድልድይ መምህሩ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ጀምሮ ችግር ሲያይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ያፍታታል፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ደንቡ ይህን አይፈቅድም ይባል ይሆናል፤ ክፍሉን ሲያስኬድ የኖረው ግን ይኸው ያልተጻፈ ልማድ ነው። ፕላዝማው ሲመጣ ድልድዩ ተነሣ፤ ለማያውቁት አነጋገር ጆሮአቸውን ገና በማለማመድ ላይ የነበሩ ልጆች አዲሱን ሐሳብና አዲሱን ድምፅ በአንድ ጊዜ እንዲከታተሉ ተጠየቁ።

የመምህሩ ቦታ ምን እንደሆነ ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ሰው በክፍሉ ጥግ ቆሞ፣ የእርሱን ሥራ ሌላ ሲሠራው ተመልክቶ፣ በመጨረሻ መሣሪያውን የሚያጠፋ ጠባቂ ሆነ። እምብዛም ያልተነገረው ግን ይህ በተማሪው ላይ ያሳደረው ትምህርት ነው። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል ብዙዎቹ አሁን ራሳቸው መምህራን ናቸው። እነርሱ በለጋነታቸው በቀን ለበርካታ ክፍለ ጊዜያት ያዩት ትምህርት ተማሪው ተረዳም አልተረዳም ራሱን ችሎ የሚያልፍ ነገር ነው። ሰው ከሠለጠነበት ይልቅ በተማረበት መንገድ ያስተምራል የሚባለው እውነት ከሆነ የዚያ ሥርጭት ውጤት ስክሪኑ ከተበላሸ በኋላም ይቀጥላል። ስለ አሳታፊ ዘዴ በክረምት የሚሰጡ የሥልጠና ሳምንታት ይህን ሊያጠፉት መቻላቸው ያጠራጥራል።

በዚህ ረገድ ኋላ ቀር ብለን የተውነው የቄስ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ያስታውሰናል። የኔታ ተማሪውን በቃል ማስጠናታቸውና በአርጩሜ መግረፋቸው የሚመሰገን አይደለም፤ ይህን ማንም አይመኝም። ይሁን እንጂ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም እስከ ዳዊት ድረስ አንድም ልጅ ያለፈውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም ነበር። አንዱ ዳዊት ሲደግም ከጎኑ ያለው ገና ፊደል ይቈጥራል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል፤ የኔታ ሁሉንም በየተራ ያደምጣሉ። በቍርአን ትምህርት ቤቶችም አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዛሬ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሻጮች «እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ፍጥነት» እያሉ እንደ አዲስ ግኝት የሚያቀርቡልን ነገር በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ኤሌክትሪክ ሲሠራበት የኖረ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ዕቅድ ከመምህሩ ጋር ሳይመከር ሲወጣ ምን እንደሚደርስበት የአገራችን የትምህርት ታሪክ ከፕላዝማም በፊት ያስተማረው ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ብዙ ባለሙያዎችን ያሰባሰበ፣ በጊዜው ስለነበረው ትምህርት ያቀረበው ትችት በአብዛኛው ትክክል የነበረ ሥራ ነው። ትምህርቱ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ፣ ከገጠሩ ሕይወት የተለየ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። ነገር ግን ይዘቱ ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ፤ የመምህራኑ ማኅበርም በዝግጅቱ ተገቢ ቦታ አልተሰጠውም። ነገሩ በወሬ በወጣ ጊዜ መምህሩ ሥራውን፣ ወላጁ ደግሞ የልጁን ዕድል የሚቀንስ አድርጎ ተረዳው፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ መንግሥትም ዕቅዱን አቆየው። በዚያ ሰነድ ውስጥ የነበሩት ጥሩ ሐሳቦች አብረው ተቀበሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሳይመከርበት የተገኘው ጊዜ ኋላ በእጥፍ ተከፈለ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ዘመን ደግሞ ሁለተኛውን ጫፍ አሳይቶናል። በ2004 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት፣ ያለ ምንም አስተማሪ ታብሌት ሰጥቶ የሚሆነውን ለማየት ሞከረ። ሕፃናቱ መሣሪያውን ራሳቸው መክፈታቸውና የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዘመራቸው በዓለም ተወራ። የሕፃናቱን ብልህነት የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ኦሮምኛ ለሚናገር ልጅ የእንግሊዝኛ ፊደል መዘመር ማንበብ አይደለም። በፕላዝማው መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ በዚህኛው ከናካቴው ወጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ከቤታቸው ዋሉ፤ ትምህርቱ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ ተባለ። የቀጠለው ግን መሣሪያውም አጠገቡ የሚያስረዳው ሰውም ላለው ልጅ ነበር።

አሁን ያለንበትን ሁኔታ ቍጥሮቹ ይናገራሉ። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥበቃው ጠብቆ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረ ጊዜ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ሁሉ በፕላዝማው ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ የውድቀቱ ሥር ከዘጠነኛ ክፍል በታች ነው። ነገር ግን ገንዘባችንና ትኩረታችን በላይኛው ክፍል ስክሪን ላይ በነበረበት ጊዜ የታችኛው ክፍል ልጅ ፊደል ሳይለይ ያልፍ እንደነበር ሁለቱ ቍጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይታያል። የተሠራው ሥራ በሪፖርት ሲቀርብም የሚቈጠረው የተተከለው ስክሪንና መስመር የገባለት ትምህርት ቤት ነበር፤ አንድ ትምህርት ካለፈ በኋላ ስንቱ ልጅ እንደተረዳው አይደለም።

እነሆ ዛሬ የዲጂታል ትምህርት ስትራቴጂ አለን፤ አዲስ ፖሊሲና አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አለን፤ የታተመ መጽሐፍ እስኪደርስ ድረስ ተማሪው በስልክ ቅጂ እንዲያነብ የተነገረበትን ዓመትም አይተናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ከፕላዝማው በአንድ ነገር ይሻላል፤ ተጠይቆ ይመልሳል፣ ቆሞም ይጠብቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ አንደበቱ የቀና ሲሆን በአማርኛ ይንተባተባል፤ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ ወይም በአፋርኛ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያምነው መምህር በክፍሉ ፈትኖ ማየት አለበት። ጠይቆ ለመረዳት ደግሞ ማንበብ የሚችል ጠያቂ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሚቀጥለው የመሣሪያ ግዢ ሰነድ ወደ ጠረጴዛ ሲመጣ የዕቅድ ባለሙያዎች ከስክሪኑ ስፋትና ከዋጋው በፊት እንዲጠይቁ የምንመክረው ይህን ነው፦ መምህሩ ትምህርቱን በፈለገበት ቦታ ማቆም፣ መመለስና መዝለል ይችላልን? መብራት ሲጠፋ ያመለጠው ትምህርት ተመልሶ ይገኛልን? ሕፃኑ በሚናገርበት ቋንቋ የተዘጋጀ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚሆን የንባብ ጽሑፍ አለበትን? የተበላሸውን የሚጠግን ሰው ደመወዝ በበጀቱ ውስጥ ተይዟልን? ሙከራውም በዋና ከተማው በተመረጠ ክፍል ሳይሆን ስድሳና ሰባ ልጆች በአንድ ክፍል በሚማሩበት፣ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት የወረዳ ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ሊቆይ ይገባል፤ በመጨረሻም የዚያ ትምህርት ቤት መምህራን አስተያየት በራሳቸው ቃል ከግዢው ሰነድ ጋር ተያይዞ ይቅረብ።