«ዴርቶጋዳ»ን ስናነብ ምን እንመኛለን?

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ2001 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ደጋግሞ ታትሟል፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ»ም ተከትለውታል። ዛሬም ቴፒ ውስጥ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተያያዘ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታያላችሁ። መጽሐፍ እንዲህ የሚያረጀው ሲነበብ ነው።

እናንተም የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ስለዚህ ልቦለድ ሳትከራከሩ አልቀራችሁም። ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ወይም ቡና ለቀማ ላይ እረፍት ሲወጣ የሚሰነዘሩትን አስተያየቶች ሰብሰብ ብናደርጋቸው በሦስት ይጠቃለላሉ። «በአንድ ሌሊት ጨረስኩት» የሚሉ አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም» የሚሉ አሉ። «ለክርስቲያን የሚሆን ንባብ አይደለም» የሚሉም አሉ። ሦስቱንም በየተራ እንመዝናቸው። ከዚያም ሦስቱም ያለፉት አንድ ጥያቄ ስላለ እሱን እናነሣለን።

አስቀድሞ ላላነበባችሁ ጥቂት ልበል፤ ፍጻሜውን አልነግራችሁም። ዶክተር ሚራዥ አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነው። ኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉ ደግሞ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ከፍ ያለ ደረጃ ደርሶ ኋላ ከዓለም ዓይን የተሰወረ ሳይንቲስት ነው። የውጭ አገር የስለላ ድርጅቶች ያሳድዱታል። ታሪኩ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ጣና ገዳማት ያመራል። እዚያም የጥንቱ የአባቶች ጥበብና የዘመኑ ሳይንስ በምሥጢር ተገናኝተው እናገኛቸዋለን።

«በአንድ ሌሊት ጨረስኩት»

ይህ አስተያየት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ብዙ ወጣት ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ አንብቦ በማያውቅበት አገር መጽሐፍ አስይዞ እንቅልፍ መንሳት ችሎታ ይጠይቃል። ደራሲው ምዕራፉን የሚዘጋው አንባቢው ቀጣዩን ገጽ ሳይገልጥ መተኛት በማይችልበት ቦታ ላይ ነው። የሰዎቹ ስሞች ራሳቸው ጆሮ ይይዛሉ። «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ»፣ «ዣንቶዣራ» የሚሉት ርእሶች በየትኛውም መዝገበ ቃላት አይገኙም፤ አንባቢው ገና ሽፋኑን ሲያይ የማያውቀው ዓለም ደጃፍ ላይ ይቆማል።

ከዚህም በላይ አንባቢውን የያዘው ክብር ነው። በስለላ ልቦለዶች ኢትዮጵያዊ ዋና ባለታሪክ ማየት አልለመድንም። ማሞ ውድነህ በተረጎሟቸው የስለላ ታሪኮች ያደገው ትውልድ ጀግኖቹን ያገኘው በባዕድ ከተሞች ነበር። «ዴርቶጋዳ» ላይ ግን የዓለም ኃያላን የሚሹት ሰው አማርኛ ይናገራል፤ የሚፈልጉትም ጥበብ ያለው ጣና ላይ ነው። አንብቦ ሲጨርስ «እኛም እንችላለን» ብሎ የተነሣ ወጣት ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ልንስቅበት አይገባም።

«እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም»

ሁለተኛው ወገን መጽሐፉን የሚከሰው በአለመምሰል ነው። አጋጣሚው ይበዛል፣ ሰዎቹ ሁሉን ያውቃሉ፣ ነገሩ ከውጭ ፊልምና ከዳን ብራውን መጽሐፎች የተዋሰ ይመስላል ይላል። ከዚህ ውስጥ የማልክደው አለ። ባለታሪኮቹ ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ከመነጋገር ይልቅ ለአንባቢው ንግግር ያደርጋሉ። የሻጊዝን ሊቅነት ደጋግመን እንሰማለን፤ ሲሳሳት፣ ሲሰለቸው፣ ሰው ሲናፍቀው የምናየው ግን ጥቂት ነው። ይህ በየትኛውም የልቦለድ ዓይነት ጉድለት ነው።

ነገር ግን «አይሆንም» የሚለው ክስ ብቻውን አይበቃም። የአማርኛ አንባቢ ልቦለድን የሚለካው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» እና በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ሚዛን ነው። በነዚያ ውስጥ አገሩንም ዘመኑንም እናውቀዋለን፤ ስለዚህ «እውነት ይመስላል» ማለት የምስጋና ሁሉ ራስ ሆነብን። ወደ ኋላ ብንሄድ ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ራሱ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙትና ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድ ታሪክ ነው። ድንገተኛ መገናኘትና አስደናቂ መውጣት መውረድ ሞልቶበታል። ልቦለዳችን የተወለደው ከድንቅ ታሪክ ነው ማለት ነው።

ክርክሩም የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን የቀለበቱ ጌታ ታሪክ የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ገጣሚው ዊስተን ኦደን አደነቀው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ታዋቂው አሜሪካዊ ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን የልጆች ተረት ነው ብሎ አጣጣለው። ሁለቱም ብዙ ያነበቡ ሰዎች ነበሩ። ልዩነታቸው መጽሐፉን ይዘው በመጡት ጥያቄ ላይ ነው። የድንቅ ታሪክን ደራሲ «ይህ ይሆናል ወይ?» ብለን አንጠይቀውም። የምንጠይቀው «አንድ ጊዜ ባቆምከው ሕግ ጸንተሃል ወይ? የፈጠርከው ዓለም ስለእኛ ዓለም ምን ይነግረናል?» ብለን ነው።

በዚያ ላይ «ዴርቶጋዳ» የሦስት መጻሕፍት መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያ ቅጽ ዕዳ ይዞ ይወጣል፤ የሚከፍተው በር ከሚዘጋው ይበዛል። «ሳይቋጭ አለቀ» የሚሉ ይህን ያስቡ። ቢሆንም የመጀመሪያው መጽሐፍ ለብቻው የሚቆም አንድ ነገር ሊሰጠን ይገባል፤ እሱን ከታች እንመጣበታለን።

«ለክርስቲያን የሚሆን አይደለም»

ሦስተኛው አስተያየት በእኛ ቤት የተለመደ ነው። ከሚሉት አንዳንዶቹ ልቦለድ ውሸት ስለሆነ ነው ይላሉ። ሌሎቹ የገዳሙ ዓለም፣ የስውር ጥበቡና የምሥጢር ጽሑፉ ነገር አይጥማቸውም።

ለመጀመሪያዎቹ መልሱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ሲገባ ያላት አንዲት ጠቦት የተወሰደችበትን ድሃ ሰው ታሪክ ይዞ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በከተማው አልነበረም፤ ታሪኩ ግን ንጉሡን ያዘው። ኢዮአታምም በመሳፍንት መጽሐፍ ንጉሥ የሚፈልጉ ዛፎች ሲነጋገሩ ይተርካል። ጆን ባንያን እ.ኤ.አ. በ1678 ስለ ክርስቲያኑ መንገደኛ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ግዙፍ ሰውና አውሬ አለ። ያን መጽሐፍ በአማርኛ አንብቦ «ግዙፉ ሰው የት አለ?» ብሎ የተቸገረ ምእመን አልሰማሁም። ውሸታም ውሸቱን እውነት ነው ብሎ ይሸጥልናል፤ ልቦለድ ግን ልቦለድ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ለእኛ ለአንባቢዎች ይቀራል። «ሻጊዝ እኮ በሕይወት አለ፤ ጣና ላይ ያለውን ነገር መንግሥት ደብቆታል» ብሎ የሚምል ሰው ገጥሟችሁ ይሆናል። ልቦለዱን ወደ ዜና የለወጠው እሱ ነው፤ ጥፋቱ የደራሲው አይደለም።

የገዳሙን ነገር በተመለከተ በእርጋታ እንየው። በጣና ደሴቶች ያሉት ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል የብራና መጻሕፍትን ለብዙ ዘመናት ጠብቀው ያቆዩ ገዳማት ናቸው። ስለ ጸሎትና ስለ አምልኮ ከእነሱ ጋር ልንለያይ እንችላለን። መጽሐፍ የመጠበቅ ትጋታቸው ግን የአገር ሁሉ ውርስ ነው፤ ከዚያ ውርስ ራሳችንን ማውጣት አይገባንም። ስለ ገዳም የሚተርክ ልቦለድ ማንበብም እምነት መለወጥ አይደለም። ማስተዋል የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው።

ሦስቱም ያልጠየቁት

አድናቂውም ነቃፊውም የሚከራከሩት መጽሐፉ ደስ ይላል፣ እውነት ይመስላል፣ ይፈቀዳል በሚለው ላይ ነው። እኔ ግን «ዴርቶጋዳ» ምን ያስመኘናል? ብዬ እጠይቃችኋለሁ።

ልብ ብላችሁ አንብቡት። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ትልቁ ዕውቀት ሁልጊዜ የተሰወረ ነው። በገዳም፣ በኮድ፣ በጥቂት የተመረጡ ሰዎች ደረት ውስጥ ተቀምጧል። ኢትዮጵያ ድሃ የሆነችው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ የምታውቀው ስለተደበቀ ነው። የዚህ ሐሳብ ማራኪነት ይገባኛል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያስነብበውም እሱ ይመስለኛል። ነገር ግን ቴፒ ላይ ለሚያነበው ወጣት ምን እንደሚያደርግ አስቡ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከየአጥቢያችን የተፈተኑ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ከቀሪዎቹ 96.8 በመቶ መካከል ናቸው። ለእንዲህ ያለ ወጣት «ዕውቀት ተሰውሯል፤ አንድ ቀን ለተመረጡት ይገለጣል» የሚል ታሪክ ይጣፍጣል። ጣፋጭነቱ ግን እጅ ያስራል። ነገ የሚገለጥ ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ያልገባውን የሒሳብ ምዕራፍ አይከፍትም።

እዚህ ላይ የእኛ ምድር ምስክር አለው። ብዙ አንባቢዎች ሻጊዝ እጅጉን ሲያነቡ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያስታውሳሉ፤ ስሙም አካሄዱም ያን ያስታውሳል። ኢንጂነር ቅጣው የተወለዱት በ1940 ዓ.ም. ቦንጋ ነው፤ የከፋ ልጅ ናቸው። ከቴፒ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚሁ የቡና ደን ምድር ማለት ነው። ከዚያ ተነሥተው የተማሩት ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነው። ይህ ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተ የሙያ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ ወደ ጃፓን፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ሄደው በጠፈር ምርምር ሠሩ። በ1998 ዓ.ም. አረፉ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ልቦለዱ ሊቁን ጣና ላይ በገዳም ሸሸገው። እውነተኛው ሰው ግን ጣና ዳር የኖሩት በአደባባይ፣ ተማሪ ሆነው ነው። ማንኛውም ሰው ሊያየው በሚችል ክፍል፣ በጥቁር ሰሌዳና በመፍቻ ተማሩ። ከቦንጋ እስከ ጠፈር ምርምር ያለው መንገድ ምንም ኮድ የለበትም፤ ትምህርት ቤት ላይ ትምህርት ቤት የተደረደረበት ረጅም መንገድ ነው። ደራሲው ከዚህ ሕይወት ድንቁን ወስዶ ድካሙን ትቶታል። የመጽሐፉ ትልቅ ጉድለት ለእኔ ይህ ነው። የባለታሪኮቹ ንግግር መርዘሙም፣ የአጋጣሚው ብዛትም የዚህ ልጆች ናቸው። ድካሙ ሲወጣ ሰውየው ይቀራል፤ የሚተርፈው ሊቅ የሚል ስም ነው።

መጽሐፉ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አመጠቀች። «ዴርቶጋዳ ተፈጸመ» ብለው የተደሰቱ ነበሩ። በደስታቸው እካፈላለሁ። ሳተላይቷ ግን ከተሰወረ ዋሻ አልወጣችም። ከቻይና ባለሙያዎች ጋር በተደረገ ትብብር ተሠርታ፣ እንጦጦ ላይ ከምድር መቀበያ ጋር ተገናኝታ የሠራች 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን መሣሪያ ናት። በልቦለዱ ምናብ ዓይን ካየናት ትንሽ ናት፤ የተማሩ ሰዎች እጅ ስላረፈባት ግን የምትናቅ አይደለችም።

እንግዲህ «ዴርቶጋዳ»ን አታንብቡ እያልኩ ነው? በፍጹም። አንብቡት፤ ያነበባችሁም ድገሙት። «ለምን እኛ አንችልም?» የሚለውን ጥያቄ በዚህ ኃይል የጠየቀ የአማርኛ ልቦለድ ጥቂት ነው፤ ከላይ ለብቻው የሚቆም ያልኩት ነገርም ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ከመጽሐፉ አትውሰዱ። ጥያቄውን ይዛችሁ ወደ ቴፒ ግቢ ላቦራቶሪ፣ ወደ ቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከሉ፣ አልያም ወደ አባታችሁ የቡና ማሳ ግቡ። ለሦስተኛ ጊዜ ፈተና የምትቀመጪ እኅቴ፣ አንቺም ይዘሽው ተቀመጪ።

ከእናንተ መካከል በዚህ የማይስማማ እንደሚኖር አውቃለሁ። የተሰወረው ጥበብ ምሳሌ ነው፣ ድካሙም በ«ራማቶሓራ» ይመጣል የምትሉ ካላችሁ ገጹን ጠቅሳችሁ ጻፉልን። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እትም ክርክራችሁን እናወጣለን። «ደስ ይላል» ወይም «አይረባም» ብላችሁ ብቻ ግን አትላኩልን። መጽሐፉ ምን እንዳስመኛችሁና ከዘጋችሁት በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩን።