የማን ጎል ነበር?

ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ አጥቂው በግንባሩ ይገጨዋል፤ ኳሱ የተከላካዩን ጉልበት ጨርፎ አቅጣጫ ይቀይርና መረብ ላይ ያርፋል። የነቀምቴ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ለመጨፈር የማን ጎል እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም። ጨዋታውን የሚመዘግበው ሰው ግን ከሁለት ስሞች አንዱን መጻፍ አለበት፦ የአጥቂውን፣ ወይም «በራሱ መረብ ላይ» ብሎ የተከላካዩን። ነቀምቴ ከተማ በተጫወተበት በከፍተኛ ሊግ ድርጊቱን መልሶ የሚያሳይ ካሜራ እንደ ልብ አይገኝም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም በዚያው ይጸናል።

አንዲት ጎል ምን ታመጣለች የሚል ሰው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የአንድ የውድድር ዘመን የጎል ክብረ ወሰን ይመልከት። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. 24 ጎል አስቆጠረ። ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. ክብረ ወሰኑን የሰበረው በ25 ነው። 16 ዓመት የቆየው ክብረ ወሰን የወደቀው በአንዲት ጎል ልዩነት ነው! በዚያ ሁሉ ጨዋታ መሀል አንድ መዝጋቢ ተጨርፋ የገባች ኳስ ለሌላ ስም ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ቁጥሩን 29 ሲያደርሰው ግን ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀምሮ ስለነበር፣ ክርክር ቢነሳ ምስል አለ።

ይህን የምዝገባ ሥራ ከሁሉም አጥብቀው የያዙት የቤዝቦል ሰዎች ናቸው። ጋዜጠኛው ሄንሪ ቻድዊክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካስፋፋው የጨዋታ ሰንጠረዥ ጀምሮ፣ ምቱ የመቺው ጥረት ነው ወይስ የተከላካዩ ስህተት የሚለውን የሚወስን መዝጋቢ አላቸው። የሚያስቀናው ግን ሰንጠረዡ ራሱን መፈተኑ ነው። ለመምታት ተራ የደረሳቸው ሰዎች ድምር፣ ነጥብ ካስመዘገቡት፣ በየማረፊያው ቆመው ከቀሩትና በተከላካዮቹ ተወግደው ከወጡት ድምር ጋር እኩል ካልመጣ አንድ ነገር ተዘሏል ማለት ነው።

እግር ኳስም ተመሳሳይ መፈተኛ አለው፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም እንጂ። 11 ተጫዋች በ90 ደቂቃ ሲባዛ 990 ነው። ጭማሪውን ትተን፣ በ63ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የወጣው 63፣ የገባው 27 ይያዝለታል። በ70ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ ካለ 20 ይቀነስና 970 ይሆናል። ድምሩ 990 መሆን ሲገባው 963 ከመጣ፣ በ63ኛው ደቂቃ የወጣው ተመዝግቦ የገባው ተረስቷል። ጎበዝ መዝጋቢ ይህን የሚደምረው ዳኞቹና ኮሚሽነሩ ከሜዳው ሳይወጡ ነው፤ ቅያሪው ማን እንደነበር መጠየቅ የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነውና።

ስምም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በአንድ አሰላለፍ ውስጥ ሁለት አብዲሳ፣ ሦስት ተስፋዬ ሊኖር ይችላል፤ ወለጋ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ጭቃው መለያ ቁጥሩን ይሸፍነዋል። የአባት ስም የግድ ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ፣ 2 ለ 2 ያደረገችውን ጎል ያስቆጠረው ሉቻኖ ቫሳሎ፣ በተጨማሪው ሰዓት 3 ለ 2 ያደረገው ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ነበር። «ቫሳሎ» ብቻ ብሎ ያለፈ ሰው አንዱን ወንድም ከታሪክ አስወጥቶታል። አራተኛውን መንግሥቱ ወርቁ ጨመረ።

በጥርጣሬ ጊዜ ደግሞ ሐቀኛው መዝጋቢ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል እንጂ አይገምትም። ይህ የወረቀት ሥራ ብቻ አይደለም። አንድ የፕሪሚየር ሊግ አሰልጣኝ ስለ ነቀምቴ ወጣት አጥቂ ሲጠይቅ፣ ክለቡ ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ስንት አገባ፣ ስንት አመቻችቶ አቀበለ የሚለውን አውጥቶ ማሳየት አለበት። ልጁ በምስል ካልተያዘ ሌላ የሚመሰክርለት የለም። ስለዚህ ክለቦች የየጨዋታውን መዝገብ ሁለት ቅጂ ያስቀምጡ፤ አንዱ ከአሰልጣኙ ጋር ከተማ ቢቀይር ሌላው ቢሮ ይቀራል።