ፊደሉ ታርሞ ፊቱ ሲደበዝዝ

ሒስ የሚያምረው ከራስ ሲጀምር ነውና እኔም ከራሴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጭሮ ከተማ ላይ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ማለቱ ከአፋችን ያልወጣላት ጭሮ ላይ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ለመምህራኖቻቸው የመታሰቢያ መጽሐፍ ለማሳተም ተሰባሰቡ። «ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው እያለ ምን ሌላ ፍለጋ ያስኬደናል?» ተባለና አርታኢነቱ በእኔ ላይ ወደቀ። መጽሐፉ 96 ገጽ ነው። ጽሑፉን አራት ጊዜ አረምኩት። በ«ሀ» እና በ«ሐ»፣ በ«ሰ» እና በ«ሠ» የተነሳ ከፊደል ለቃሚው ጋር እስከ መኳረፍ ደረስኩ።

ከገጾቹ አንዱ በሕይወት ለሌሉ የሒሳብ መምህር የተሰጠ ነበር። ባለቤታቸው ከሳጥን ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግራፍ አውጥተው ሰጡኝ። «ያለችኝ እሷው ናት፤ እንዳትጠፋብኝ» አሉኝ። እዚያው ቤታቸው፣ ሊመሽ ሲል፣ በስልኬ አነሳሁና መለስኩላቸው። ፎቶውን በቴሌግራም ለገጽ አቀናባሪው ላክሁት። ፍላሹ አዲስ አበባ ሄደ፤ ታተመ፤ መጽሐፉም በካርቶን ታሽጎ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ።

በምረቃው ዕለት እማማ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ገለጡ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ይኼ ማን ነው?» አሉኝ።

ስማቸው ከሥሩ ተጽፏል። አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም። ከስሙ በላይ ያለው ግን ዓይኑና አፉ የማይለይ፣ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተሰባበረ ጥላ ነበር።

* * *

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የመጀመሪያው ሐሳቤ ማተሚያ ቤቱን መውቀስ ነበር። ዳሩ ግን ማተሚያ ቤቱ ናሙናውን ልኮልኝ ነበር። በስልኬ ከፍቼ ፊደሉን ብቻ ለቅሜ፣ «ይታተም» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በስልክ ሆነ በኮምፒውተር የምናየው ፎቶ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። በደኅና ወረቀት ላይ ለሚታተም መጽሐፍ የተለመደው መለኪያ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ፒክስል ነው። የኤ-5 ገጽ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ገጹን ሙሉ የሚሸፍን ፎቶ 1748 በ2480 ፒክስል ሊኖረው ይገባል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን «እንደ ፎቶ» ስንልከው፣ በተለመደው አላላክ፣ ጭነቱን ለማቅለል ሲል ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። 1280ን ለ300 ያካፈለ ሰው ወደ 10.8 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። የገጹ ግማሽ ማለት ነው።

የእኛ በዚህም አላበቃ። የፎቶው አብዛኛው ክፍል የስቱዲዮ መጋረጃ ስለነበር ፊታቸው ብቻ ተቆርጦ እንዲቀር አዘዝኩ። በቀረችው ቁራጭ ቁመት ላይ 500 ፒክስል ያህል ብቻ ተረፈ። ያችን ቁራጭ 21 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንለጥጣት በኢንች 60 ፒክስል ሆነች። የሒሳብ መምህሩ ፊት በሒሳብ ጉድለት ጠፋ ማለት ነው። እሳቸው ቢኖሩ ይህችን ማካፈል ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ የቤት ሥራ ይሰጧት ነበር።

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ላይ ለምን ደኅና መሰለ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የጠረጴዛ ኮምፒውተር መስኮት አብዛኛውን ጊዜ በኢንች 100 ፒክስል አካባቢ ነው። ከወረቀቱ ፍላጎት ሲሶውን ይዞ ዓይናችንን ያጠግባል። የስልኩ መስኮት ደግሞ ትንሽ በመሆኑ ጉድለቱን ሁሉ ይሸፍናል። በላዩም ብርሃን አለው። መስኮቱ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ይሥላል፤ የማተሚያ መኪናው ግን በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ነው የሚሠራው። በብርሃን የደመቀ ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይደክማል። ጥቁርና ነጭ መሆን የነበረበት ፎቶ በባለ ቀለም ፋይልነቱ ከሄደም በአራቱ ቀለሞች ተከፋፍሎ ይታተምና ፊቱ አንዴ ወደ አረንጓዴ፣ አንዴ ወደ ቀይ ያደላል።

የፊታችን ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ርካሽ ወረቀት ቀለም ይመጣል፤ እያንዳንዷ የቀለም ነጥብ ስትጠጣ ትሰፋለች። በነጭ ፊት ላይ ይህ ብዙ አይታወቅም። በጠይም ፊት ላይ ግን የዓይን ሥር፣ የጉንጭ መስመር፣ የፂም ጥላ ሁሉ ተዋውጠው አንድ ጥቁር ይሆናሉ። ይህ ችግር ከኮምፒውተሩ ቀድሞ የመጣ ነው። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ አጣቢዎች ለዐሥርት ዓመታት ያከፋፍለው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ፣ «ሸርሊ» እየተባለ የሚጠራው፣ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ሙያው በእሷ ፊት ሲለካ ኖሯል። ስለዚህ ፎቶውን ለሕትመት ስናዘጋጅ ጥላው ውስጥ ያለውን ፊት በጥቂቱ ማብራት ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

* * *

የዚህች ከተማ ሰው በሕትመት ጉዳይ ሲሳነፍ እኔን የበለጠ ያሳዝነኛል። ስሟ የአልጋ ወራሽ ተፈሪን ሐሳብ ያስታውሳል፤ እሳቸው ደግሞ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ያቋቋሙ ናቸው። ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ከተማዋን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ናቸው፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በ1941 ዓ.ም. «አርአያ»ን አሳትመዋል። ብዕርና ማተሚያ ለአሰበ ተፈሪ እንግዳ አይደሉም።

ዛሬ ከጭሮ እስከ ሒርና፣ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ ያሉት የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች እንጀራቸው ባነር፣ የሠርግ ጥሪና ማኅተም ነው። መጽሐፍ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ በኢንች 72 ወይም 100 ፒክስል ይበቃዋል። ባለሙያው ዓይኑን ያሠለጠነው በባነር ነው፤ ባነር ላይ ያማረው ፎቶ መጽሐፍ ላይ ሲበላሽ አይገባውም። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ስለ መጽሐፍ የነገረው ሰው የለም። ነጋሪ መሆን የነበረብን እኛ ጸሐፊዎቹ ነበርን።

የጥንቶቹ እንዲህ አልነበሩም። ብራና ላይ ጸሐፊው ለሥዕሉ ቦታ ትቶ ያልፋል፤ ሠዓሊው ሳይደርስበት ባዶውን የቀረ ገጽ ዛሬም በየገዳሙ መጻሕፍት ይታያል። ባዶ ሲተዉት ከማበላሸት ይሻላል ያሉ ይመስላል። በፊደል ለቀማው ዘመንም አንድ ፎቶ ለማተም ክሊሼ ማስቀረጽ ግድ ነበር። ክሊሼ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ አሳታሚው የትኛውን ፎቶ፣ በምን መጠን፣ የት ገጽ ላይ ብሎ ይጨነቅ ነበር። ዛሬ ፎቶ መለጠፍ ምንም ስለማያስወጣ ጭንቀቱም አብሮ ቀረ።

ሒሳችንም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። በየመጽሔቱ ስለ ሴራው፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ስለ ቋንቋው ገጽ እንሞላለን። እኔ ራሴ ብዙ መጻሕፍት ስተች አንድም ጊዜ ስለ ፎቶ መስመር አልጻፍኩም። የግለ ታሪክና የመታሰቢያ መጻሕፍት በበዙበት በዚህ ዘመን ግን ፎቶው የመጽሐፉ ምስክር ነው። ምስክሩ ካልታወቀ ቃሉን ማን ያምናል?

«ወረቀቱ እንዲህ ተወድዶ ስለ ፎቶ ማን ይጨነቃል? ዋናው ቁም ነገሩ ነው» የሚል አሳታሚ ገጥሞኛል። እኔ የምመልስለት ወረቀቱ ስለተወደደ ነው ብዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያበላሸነውን ገጽ እንደገና የምናሳትመው በዚያው በውድ ወረቀት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ፎቶ የሚገኝ ከሆነ በስካነር፣ በኢንች 600 ይነሣ፤ ስካነር ከሌለ በቀን፣ በጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ መብራት። በቴሌግራም ሲላክ «እንደ ፋይል» ይላክ። ጽሑፉ በዎርድ ከተዘጋጀ፣ ዎርድ በተለመደው አሠራሩ ሰነዱን ሲያስቀምጥ ሥዕሎቹን ወደ 220 እንደሚያሳንስ ይታወቅና ፎቶዎቹ ለብቻቸው በማኅደር ይቀመጡ። ኢንዲዛይን የፎቶውን ትክክለኛ የኢንች ቁጥር በተቀመጠበት መጠን ያሳያል፤ አቀናባሪውን «አሳየኝ» ማለት ነውር የለውም። የፎቶው ፋይል ከገጹ ጋር አብሮ ካልተላከ ማተሚያ ቤት የሚደርሰው ለዕይታ ብቻ የተቀመጠው ደካማ ጥላው መሆኑን ፔጅ ሜከርን የሚያስታውሱ ሁሉ ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረችው አንዲት ነገር ምንም አታስወጣም፤ እኔን ያስቀጣችኝም እሷ ናት። ገጹን በእውነተኛ መጠኑ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ ለባለቤቱ ማሳየት ነው። ፊደልን የሚያርም መዝገበ ቃላት አለው። የሰው ፊት መዝገበ ቃላት የለውም፤ ፊትን ማረም የሚችል ፊቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እማማ ያንን ገጽ ከሕትመቱ በፊት አይተውት ቢሆን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር። ጥያቄው ግን ያኔ እርማት ይሆን ነበር።

ተመልሼ ፎቶዋን ለመንኳቸው። ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ ስካነር ካለበት ቤት ወስጄ፣ እሳቸውም አብረውኝ ተቀምጠው፣ አንድ ቅጠል አሳተምን። ባልተሸጡት ቅጂዎች ውስጥ፣ መጻሕፍቶቻችን የፊደል ስሕተት ማረሚያ በሚያስገቡበት በመጨረሻው ገጽ ላይ አስገባነው። የተሸጡት ግን እንዳሉ ቀሩ። በየሰዉ መደርደሪያ ላይ፣ ስሙ በትክክል የተጻፈ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ሰው አለ።